ስም ማዛወር

በስምንት ዓመቴ ወላጆቼ ሊሸጡኝ ተስማምተው ነበር። ቢያንስ የገባኝ እንደዚያ ነው። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ ያኔ እኔም ብዙ አላዘንኩም፤ ይልቅ ግራ ነበር የገባኝ። ከሁሉም በላይ ያልገባኝ ዋጋው ነው። በእኔ ምትክ የሚያገኙት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነበር፣ ያውም ላይኛው ሰፈር። እኔ ደግሞ የጫማዬን ክር እንኳ በቅጡ ማሰር የማልችል ልጅ ነበርኩ።

የምንኖረው ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን ግድግዳቸውን ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዱ ነበር። ምስማር መምታት ክልክል ነው። ኳስ ማንጠር ክልክል ነው። እንግዳ ሲበዛብን ጉሮሯቸውን እየጠረጉ በመስኮታችን በኩል ያልፋሉ። ዓመት በመጣ ቁጥር በር አንኳኩተው፣ «እንግዲህ ኑሮው እንደምታዩት ነው» ይላሉ። እናቴ ይህን ጊዜ ኪራይ መጨመሩን ትረዳለች። እኔ ግን ኑሮው የትኛው እንደሆነ ለማየት ከኋላቸው አጮልቄ እመለከት ነበር፤ ከልብስ ማጠቢያው በስተቀር ምንም አይታየኝም።

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነው። እናቴ መጋረጃ ትሰፋለች። የሁለቱም አብዛኛው ሥራ ላይኛው ሰፈር ስለነበር አባቴ፣ «እኔ ለሰው ብርሃን አስገባለሁ፣ እሷ ታባርራለች» እያለ ያበሽቃታል። ቤታችን በሌላ ሰው መጋረጃ የተሞላ ነበር። ወፍራሙ፣ ስሱ፣ ባለ አበባው፣ ሁሉም ተጣጥፎ አልጋዬ ላይ ይከመራል። ከሰዓት በኋላ የምተኛው ክምሩ ውስጥ ገብቼ ነው፤ ከውጭ ላየው ሰው ልጅ እንዳለበት አያስታውቅም። ይህን ልብ ይሏል፤ የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት እዚያ ውስጥ ሆኜ ነው።

ቤቱን ያገኘው አባቴ ነው። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት የተሰነጠቀ መስኮት ሊያሠሩ ጠርተውት፣ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ልጃቸው ጠቅልለው ሊሄዱ መሆኑን ነገሩት። «ደላላ ከሚበላው ላንተ ልቀንስልህ፤ መስኮቶቼን እንደ ዓይንህ ነው የምትይዛቸው» አሉት። አባቴ ማታ ይህን ሲያወራ እጁን ታጥቦ ማድረቁን ረስቶት ነበር፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን አራሰው፤ እናቴም አልተቆጣችም።

ልናየው ሄድን። በመንገዱ ላይ ካሉት ቤቶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ግራና ቀኙ ባለ ፎቅ፣ እሱ መሀል ላይ አንገቱን ቀብሮ ተቀምጧል። ውስጡ የሳሙናና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው። ከእናቴ ቦርሳ ሁልጊዜ ሜትር አይጠፋም፤ አወጣችና የሳሎኑን መስኮት ለካች፣ ቀጥሎ የመኝታ ቤቱን፣ ቀጥሎ የጓዳውን። ለደንበኛ ስትለካ እያንዳንዷን ቁጥር ትጽፋለች። ያን ቀን ግን አንድም አልጻፈችም፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብቻ ከክፍል ክፍል ትሄዳለች። ቁጥሮቹን እስከ ዛሬ ታውቃቸዋለች። ባለፈው ዓመት እንኳ በጨዋታ መሀል ጠይቄያት የጓዳውን ሳይቀር ነግራኛለች።

መምህርቷ ቢቀንሱልንም የቤቱ ዋጋ የላይኛው ሰፈር ዋጋ ነው። ከሦስት እጅ አንዱ ጎደለን። ለዚህ ነው ጋሼ የመጡት።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጎማ ይነግዳሉ፤ ገና በር ላይ ሲደርሱ አዲስ ጎማ ይሸታሉ። ልጅ የላቸውም። ሲመጡ ብስኩት ያመጡልኛል፤ ስበላ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዩኛል፤ እሱ ትንሽ ያሳፍረኝ ነበር። የዚያን ቀን መጋረጃው ውስጥ ተኝቼ ስለነበር ብስኩቱ ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤ እኔም ብስኩቱን እያሰብኩ ነው የነቃሁት።

«የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ» አሉ ጋሼ። «እሱ አያሳስባችሁ። ግን ስሙ ወደ እኔ ይዛወር።»

የጋሼ ወንበር ብቻ ሲጢጥ አለ።

«ስሙ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?» አለች እናቴ።

«ለእኔማ ምን ይሠራልኛል! ለእናንተው ብዬ ነው። ወንድሜን አውቀዋለሁ እኮ፤ ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ሞተር ሳይክሉን ያስወሰደ ሰው ነው። በእኔ ስም ከሆነ ማንም አይነካባችሁም። ደግሞስ ሌላ ልጅ አለኝ? ልጄ ያቺው ናት። ኋላ መቼም የእሷው ነው።»

«እስቲ እናስብበት» አለ አባቴ።

«አስቡበት። ስም ብቻ እኮ ነው፤ ምን ይጎድልባችኋል?»

ጋሼ የጠየቁት ማንም አበዳሪ ከሚጠይቀው ያነሰ እንደነበር አሁን ይገባኛል። የሞተር ሳይክሉም ነገር እውነት ነው። ያኔ ግን መጋረጃው ውስጥ ሆኜ ደብተሬን አሰብኩ። ደብተሬ ላይ ሁለት ስም አለ፤ መጀመሪያ የእኔ፣ ቀጥሎ የአባቴ። ጋሼ የእኔን ስም ምን ያደርጉታል? የሴት ስም ነው። የሚዛወረው እንግዲህ ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ተነስቶ የጋሼ ከገባበት ደግሞ እኔ የማን ልጅ እንደምሆን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። «ልጄ ያቺው ናት» ብለውም ቁርጡን ተናግረዋል።

በማግስቱ አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ጠየቅኳት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበር ጥርሶ ነው የምንላት። የማታውቀው ነገር የለም።

«ስም ይዛወራል እንዴ?»

«አዎ! አጎቴ መኪና ሲገዛ ስሙ ተዛውሯል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መኪናው የአጎቴ ሆነ። የድሮው ሰውዬ እያለቀሰ በእግሩ ሄደ።»

ለቅሶውን ጥርሶ ከራሷ የጨመረችው ይመስለኛል። ለእኔ ግን በቂ ነበር። ያን ቀን በክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ሁለቱንም ስሜን አንድ ላይ እየሰማሁ «አለሁ» ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠና አስተማሪያችን «አሞሻል?» አለችኝ።

እሑድ ከሰዓት እንደገና መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። እንቅልፍ አልነበረኝም፤ አውቄ ነው። እናቴ በእግር በሚረገጠው መኪናዋ ትሰፋለች፣ አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዕቃዎቹን ይወለውላል። የሚያወሩት ስለ ቤቱ ነው። ነገር ግን እናቴ መኪናውን በረገጠች ቁጥር ወሬው ይቆረጥብኛል፤ የምሰማው እግሯ ሲያርፍ ብቻ ነው።

«ስሙ የማንም ይሁን!» አለች እናቴ። ጠርርርር። «…እዚህ ተቀምጬ በሰው ግድግዳ ማርጀት አልፈልግም።»

«ልጅቷስ?» አለ አባቴ።

«ልጅቷማ ትለምደዋለች። ልጅ ምን ያስቸግራል?» ጠርርርር።

«እኔ ግን ስሜን…» አለ አባቴ፤ ቀሪውን መኪናው ዋጠው።

እናቴ «ትለምደዋለች» ያለችው አዲሱን ትምህርት ቤት ነው። ቤቱን ከገዛን ትምህርት ቤት መቀየሬ አይቀርም ነበርና። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን እሑድ ግን እናቴ በአንድ አፍ ሰጠችኝ። የሚገርመው አልተናደድኩባትም። ያንን ሁሉ መስኮት በከንፈሯ ስትለካ አይቻታለሁ። እኔንም ቤቱንም አንድ ላይ ማግኘት ባትችል ምን ታድርግ አልኩ።

ረቡዕ ዕለት አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣ። መጥቶ አያውቅም ነበር። እጄን ይዞ ትንሽ እንደሄድን፣ «ቤቱን ወደድሽው?» አለኝ።

«እማዬስ?» አልኩት።

«እናትሽማ ሞታለታለች!»

«አንተስ?»

«እኔማ እናንተ ደስ ካላችሁ…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። እጁ ሻካራ ነው፤ በመስታወት ያልተቆረጠ ጣት የለውም። ሊነግረኝ ፈልጎ ያቃተው መሰለኝ፤ አሳዘነኝ። እንግዲያው እኔው ልንገራቸው አልኩ በልቤ። እኔው ከተስማማሁ ማንም አይሳቀቅም። ወሰንኩ።

ቀብድ የሚከፈለው ቅዳሜ ጠዋት በመምህርቷ ቤት ነበር። ጋሼ ኮት ለብሰው መጡ። መምህርቷ ሻይ አቀረቡ፤ ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እናቴ ጥፍሯን እያየች ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። አባቴ የጓዳውን አንድ መስታወት ሊቀይርላቸው ቃል ገብቶ ስለነበር የዕቃ ሣጥኑን ይዞ ነው የመጣው። ሣጥኑ ውስጥ አልማዟ አለች። አልማዝ የሚሏት ጫፏ መስታወት የሚቆርጥ፣ እርሳስ የምታህል ነገር ናት፤ እኔ እንድነካት አይፈቀድልኝም። እነሱ ውሉን ሲያነቡ አልማዟን ይዤ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። የእኔ ይሆናል የተባለው ክፍል ነው።

መስኮቱ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አልማዝ መስታወት ላይ ስትሄድ ጥርስ የሚያንገሸግሽ ድምፅ አላት። በመጀመሪያ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ከጎኑ የጋሼን ስም ጻፍኩ። ፊደሎቹ ወደ ላይ እየወጡ አስቸገሩኝ። ሲያልቅ ወደ ሳሎን ሄጄ «ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ» አልኳቸው። ሁሉም ተከትለውኝ መጡ።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። አንድ ጊዜ አነበቡ፣ ደገሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አያችሁ?» አሉ። «አያችሁ! ልጅ የወደደውን ያውቃል!» አቅፈው ከመሬት አነሱኝ። የጎማው ሽታ አፈነኝ።

እናቴ አፏን በእጇ ይዛ አንዴ እኔን አንዴ አባቴን ታያለች። አባቴ ወደ መስኮቱ ሄደ። እጅጌውን ወደ መዳፉ ሳበና ጽሑፉን ጠረገው። እንደገና ጠረገው። በአልማዝ የተጻፈ ነገር በጨርቅ እንደማይጠፋ በዚያ ከተማ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቅር» አለ።

«ምኑ?»

«ቤቱ። አልገዛም።»

«ምን ነካህ አንተ?» አለች እናቴ።

«ግድግዳው እርጥበት አለው።»

«የምን እርጥበት?» አሉ መምህርቷ ተቆጥተው። «ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ እኮ!»

አባቴ አልተከራከረም። ጓዳ ሊገጥመው ያመጣውን መስታወት አምጥቶ ለካ፣ ቆረጠ፣ እኔ የጻፍኩበትን አውጥቶ እሱን ገጠመ። አውራ ጣቱ መስታወቱን የሚይዘውን ስቱኮ በጠርዙ ላይ ሲጫን አየሁት፤ ሁልጊዜ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ያን ቀን ሦስት ጊዜ አቋረጠ። ለመምህርቷ የጓዳውን መስታወት ሰኞ አምጥቶ ገጠመላቸው። ቤቱም ወር ሳይሞላው ለሌላ ሰው ተሸጠ።

እኔ ምን እንደተበላሸ ሊገባኝ አልቻለም። እሺ ብያለሁ። ጋሼም ደስ ብሏቸዋል። ታዲያ አባቴ ለምን ተወው? ምናልባት ፊደል አሳስቼ ይሆናል አልኩ። ምናልባትም ሲያዩኝ፣ ሲያስቡት፣ ለዚያ ቤት አትበቃም ብለው ይሆናል። ከሁሉም ይህኛው ነበር እውነት የመሰለኝ፤ እናቴም ለብዙ ሳምንት ከመኪናዋ ቀና አላለችም።

ነገሩ ግን አልቆመም። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጋሼ ይልከኝ ጀመር። «ሂጂ፣ ይጠብቁሻል» ይለኛል። ጥሩ ቀሚሴን ያስለብሰኛል፤ በሩ ላይ ቆሞ ይሸኘኛል። መንገዱ አጭር ነው፣ ሱቃቸው ከአምስት ቤት በኋላ በማዕዘኑ ላይ ነው። እንግዲህ ሌላ ቤት እየፈለጉ ነው፣ እኔም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ እየተሰጠሁ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጋሼ የጎማ ቁጥር ማንበብ አስተማሩኝ። ብስኩት ይገዙልኛል። ደግ ሰው ነበሩ፤ የትምህርቴንም ወጪ እስከ መጨረሻው የረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ስሜ እንዳለ ቀረ፤ ማንም አልነካውም፤ እኔ ግን እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ አንድ ቀን እንደሚነሣ እጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠበቄን ረሳሁት። ከአባቴ ጋር የመተፋፈር ነገር ብቻ ቀረ፤ ሰላምታችን ሁሉ እንደ እንግዳ ነው። ምክንያቱን ሁለታችንም አንጠይቅም።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ጋሼ አርፈዋል። ወላጆቼ ሦስት ኪራይ ቤት ቀይረው በመጨረሻ ከከተማው ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ገዙ። ላይኛው ሰፈር ዛሬ ዋጋው ሲጠራ ሰው የተሳሳተ ቁጥር የሰማ ይመስለዋል። እኔም በተራዬ እዚያው አካባቢ፣ ደመወዜን ለሃያ ዓመት የሚበላ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ልግዛ አልግዛ እያልኩ ዓመት ሙሉ ስቃጠል ቆየሁ። ባለፈው ሰሞን አባቴን መስኮቶቹን እንዲያይልኝ ይዤው ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ገና አልተገጠመም። የሽያጭ ሠራተኛዋ ክፍሎቹን አሳይታን ወደ ደረጃው ስንወጣ፣ «የስም ማዛወሪያውን የሚከፍለው ገዢው ነው» አለች።

ሳቅኩ። ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ሠራተኛዋ ደንግጣ ወረቀት ላመጣ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አባቴ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ምን ነካሽ?» አለኝ።

«ያኔ የመምህርቷን ቤት ልትገዙ ስትሉ» አልኩት፣ «ስም ማዛወር ሲባል የእኔ ስም መስሎኝ ነበር። ለጋሼ ልትሰጡኝ መስሎኝ። በቤቱ ለውጣችሁ።»

አብሮኝ ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። የደረጃውን ብረት ያዘ።

«መስታወቱ ላይ የጻፍሽው…»

«መስማማቴ ነው። እናንተ እንዳትሳቀቁ ብዬ።»

ዓይኑ ደረጃው ላይ ነው፤ አንድ በአንድ የሚቆጥረው ይመስላል።

«እኔ እኮ እሱን መርጠሽ መስሎኝ» አለ። «ገንዘቡ የእሱ፣ ስሙ የእሱ። አንቺንም ሲጨምርበት እኔ ምን ይዤ ነው እዚያ ቤት የምገባው? እናትሽ እስከ ዛሬ ‹ለምን?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ኋላ ግን የልጅ ልብ በግድ አይያዝም ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እልክሽ ጀመር። በሩ ላይ ቆሜ እስክትገቢ አይሽ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለሽ አላየሽኝም።»

«ዞር ብል አለቅሳለሁ፤ ሳለቅስ ካያችሁኝ ትተዉታላችሁ፤ ቤቱ ይቀርባችኋል ብዬ ነው» አልኩት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሥልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ፎቅ ወጥቷል፤ ግን ከድካም አልነበረም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ትከሻውን ነካ፤ አላሸሸውም፣ እኔም አላሸሸሁም። ምን እንደተሰማኝ በውል መናገር አልችልም፤ ደስታም ነበር፣ የሆነ ሰው ላይ መጮህም አምሮኝ ነበር፤ የሚጮህበት ሰው ግን አልነበረም።

ሠራተኛዋ ከላይ ብቅ አለች። «እሺ፣ ምን ወሰናችሁ? ትወስዱታላችሁ?»

አባቴ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ» አለኝ። «በደንብ አስረድተሽ ንገሪኝ። እኔ ከእንግዲህ በግምት አልሄድም።»